ጉምና አቧራ የተማከሩበትን መኪና ስለ ማጽዳት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈ መኪና፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ በጉም ርሶ፣ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ፍሬን እየያዘ ወርዶ፣ ከፍታው 1,300 ሜትር ከማይሞላው ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ሲደርስ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ የደጋውንም የቆላውንም ርስሐት በአንድነት ተሸክሞ ይገኛል። ከላይ ጉሙ አቧራውን እንደ ሊጥ ያቦካዋል፤ ከመካከል የጋለው ፍሬን የብረት ዱቄቱን በቸርኬው ላይ ይረጫል፤ ከታች ደግሞ የግራሩ ሙጫ፣ የማታው በራሪ ነፍሳት፣ የወፉ ኩስና ከአስፋልቱ የሚፈናጠረው ሬንጅ ይጨመሩበትና፣ የይፋት ፀሐይ ይህን ሁሉ አብስላ ትጋግረዋለች። በሳሙና ታጥቦ የማይለቀውን ይህን ጋገራ ምን ያነሣዋል? መኪናው ያምርበታል ተብሎ የተቀባው ሰምስ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ ሲቀር በምን ይለቃል? ባለ መኪናዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህን ስለ ሆነ፣ መልሱን እንደሚከተለው በተራ በተራ አቅርበነዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ቃል በልብዎ ያኑሩልኝ፦ ማናቸውም ግትር ቆሻሻ በባሕርዩ የሚፈታው አንድ ነገር አለውና፣ እጅዎን ከማንሣትዎ በፊት ማንነቱን ይጠይቁት። እኔ ይህን ትምህርት የተማርሁት የገዛ መኪናዬን ከፍዬ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ከዋሻው አፍ አጠገብ ቆሜ፣ ጉሙ ኮፈኑን አረጥቦት ባየሁ ጊዜ፣ «ውኃውንስ ከሰማይ አገኘሁ» ብዬ የሹራቤን እጅጌ በመዳፌ ላይ ሰብስቤ ከዳር እስከ ዳር ወለወልሁት፤ በዚያ ብርድና ጭጋግ ውስጥ እውነትም የጸዳ መሰለኝ። ሮቢት ደርሼ በቀትር ፀሐይ ስመለከተው ግን፣ ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ተዘርግቶበት አገኘሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአሁን ዘመን መኪና ላይ ከቀለሙ በላይ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ከሰው ጠጉር የቀጠነ ስለ ሆነ፣ በረጠበ አቧራ ውስጥ ያለችው አሸዋ በእጄ ግፊት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆና ስትሞርደው ኖራለች። ጉልበቴ ቆሻሻውን ሳያነሣ ሽፋኑን አነሣብኝ።

አስቀድሞ የሚሰናዱ ዕቃዎች

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ዕቃ ፍለጋ መሮጥ በላሜራው ላይ ሳሙና እንዲደርቅ ያደርጋልና፣ ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ አስቀድመው በአንድ ቦታ ያሰናዱ።

– 10 ሊትር የሚይዙ ሁለት ባልዲዎች፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለንጹሕ ውኃ። ለጎማና ለቸርኬ የሚሆን ሦስተኛ አሮጌ ባልዲ ቢኖር እጅግ መልካም ነው።

– ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ፣ ቢያንስ ሦስት። የውኃ ጎማ ከሌለዎ የአንዱን ጀሪካን ክዳን በምስማር ብዙ ቦታ ይብሱትና ሲያዘነብሉት እንደ ሻወር ይወርድልዎታል።

– የመኪና ሻምፖ፤ ከታጣም ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና።

– አራትና አምስት የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ለላሜራው፣ ለቸርኬውና ለሰሙ ለየብቻ የሚሆን ለስላሳ ስፖንጅ፣ አንድ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ።

– ጥቂት ነጭ ጋዝ፣ ጥቂት ነጭ አቼቶ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ፈሳሽ አልኮል። ረግረግ የሚለውን የእጅ ማጽጃ ጄል ግን ይተዉት፤ እጅ እንዳያደርቅ የሚገባበት ቅባት በላሜራው ላይ ሌላ እድፍ ይሆንብዎታል።

– የጎማ ጓንት።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሆን ተብለው የቀሩ አሉ፤ እነርሱም ኦሞ፣ በረኪና፣ ጆንያ፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ ቲነርና የባትሪ አሲድ ናቸው። የዱቄት ሳሙና ሳይሟሟ የቀረው ቅንጣት ይጭራል፤ በረኪና ጎማውንና ጥቁሩን ፕላስቲክ ያነጣል፤ ቲነር ቀለም ለማሟሟት የተሠራ ነውና የእርስዎን ቀለም ከሌላው ለይቶ አይምረውም፤ አሲዱም ቸርኬውን በልቶ እጅዎን ያቆስላል።

1. ጊዜንና ጥላን መምረጥ

በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬም ሆነ በሰንበቴ ገበያ ዳር፣ በቀትር የቆመ መኪና ኮፈኑ እንደ ምጣድ ስለሚግል፣ በላዩ ያፈሰሱት ውኃ ሳይታጠብ ይደርቃል፣ ሳሙናውም ምልክቱን ያትማል፣ የሚቀቡት ሰም ደግሞ ሳይለሰልስ ይጋገራል። ስለዚህ በነግህ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ወይም በሠርክ ከ11 ሰዓት በኋላ ይጀምሩ፤ በዛፍ ጥላ ሥር ከማቆም ይልቅም የቤት ወይም የአጥር ጥላ ይምረጡ፤ የግራር ጥላ አንዱን ሲያጸዱ ሌላውን የሚያንጠባጥብ ጥላ ነውና።

መኪናው መቀዝቀዙን ለማወቅ የእጅዎን ጀርባ በኮፈኑ ላይ ያኑሩና አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት፣ ወይም አንድ ጊዜ ፋቲሓ እስኪደግሙ ድረስ ያቆዩት፤ ሳይጨርሱ ካነሡት ገና ነው። ከቁልቁለቱ አሁን የወረዱ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይታገሡ፤ የጋለ የፍሬን ዲስክ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲፈስበት ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቦታን በሚመርጡበት ጊዜ ወደ ሮቢ ወይም ወደ ጀውሃ ወንዝ መኪና ማስገባት ቀላል ቢመስልም፣ ይህን ልማድ ይተዉት። የወንዙ ውኃ ደለል ስለሚይዝ መኪናዎን በአሸዋ ያጥቡታል፤ ከእርስዎ የሚወርደው ዘይትና ነጭ ጋዝ ደግሞ ከታች ከብቱን ለሚያጠጣውና ሽንኩርቱን በመስኖ ለሚያለማው ሰው ይደርሳል።

2. ሳይነኩ ማርጠብ

የመጀመሪያው ውኃ ያለ ጨርቅና ያለ እጅ ይፈስሳል። ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች እያወረዱ መላውን መኪና ያርጥቡ፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ቆይተው ይድገሙት። ይህን ማድረግ ያስፈለገበት ምክንያት፣ በተለይ የይፋት ዋልካ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ከላሜራው ጋር ስለሚጣበቅ፣ በአንድ ጊዜ ውኃ ላዩ ብቻ ርሶ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ስለሚቀር ነው። በፓራፋንጎው ውስጥ፣ በበሮቹ ሥርና በፓራውልቱ ጥግ የተከማቸውን ጭቃ በጣትዎ አይቆርቁሩት፤ ውኃ እየጨመሩበት ራሱ ተንዶ እስኪወድቅ ይጠብቁት።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚታየው ስሕተት ውኃ ለመቆጠብ ሲባል ይህን ተራ መዝለል ነው። ከሦስቱ ጀሪካን አንዱ ለዚህ ብቻ ቢያልቅ እንኳ አይቆጭዎ፤ ያለ ጭረት የሚወርደው አሸዋ በዚህ ተራ የሚወርደው ብቻ ነውና።

3. በሁለት ባልዲ ማጠብ

በአንደኛው ባልዲ ለ10 ሊትር ውኃ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሳሙና ይቀላቅሉ፤ ሁለተኛውን በንጹሕ ውኃ ይሙሉት። ስፖንጁን ከሳሙናው አውጥተው አንድ ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ የጣሪያውን እኩሌታ፣ ካጠቡ በኋላ፣ ወደ ሳሙናው ከመመለስዎ በፊት በንጹሑ ውኃ አጥበው ይጭመቁት። በአንድ ባልዲ የሚያጥብ ሰው ከመኪናው ያወረደውን አሸዋ በሳሙና አጅቦ መልሶ ይጭነዋል፤ በሁለት ባልዲ ያጠበ ግን ሥራውን ሲጨርስ ንጹሕ በነበረው ባልዲ ሥር የዘቀጠውን ጥቁር ደለል አይቶ ምን እንደ ተረፈ ያውቃል።

ከላይ ወደ ታች፣ በቀጥታ መስመር እንጂ ክብ እየሠሩ አይጠቡ። ጣሪያው፣ መስታወቶቹ፣ ኮፈኑ፣ በሮቹ፣ በመጨረሻም ከወገብ በታች ያለው ይታጠባል። ጎማና ቸርኬ የራሳቸው ባልዲና የራሳቸው ስፖንጅ ይኑራቸው። እያንዳንዱን ክፍል እንዳጠቡ ሳይደርቅ ያለቅልቁት፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ውኃውን ጨርቁ ራሱ እንዲጠጣው እያደረጉ ያድርቁት። መሬት የወደቀ ጨርቅ ቢያራግፉትም ለላሜራ አይመለስም፤ ለጎማ ያውሉት።

የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቅባትን ስለሚያነሣ አሮጌውን ሰም ያሳሳዋል። ዛሬ ዓላማችን አሮጌውን አንሥቶ አዲስ መቀባት ስለ ሆነ ይህ ለእኛ ረዳት ነው፤ በየሳምንቱ ለሚደረገው ተራ እጥበት ግን አይበጅም።

4. የቀረውን ለይቶ ለእያንዳንዱ መድኃኒቱን መስጠት

አሁን መኪናው ታጥቦ ደርቋል፤ የቀረው በሳሙና የማይፈታው ነው። በጥሩ ብርሃን ዙሪያውን ይመልከቱት፣ በእጅዎም ይዳስሱት፤ ያዩትንም ከሚከተሉት ጋር ያመሳክሩት። የትኛውንም ፈሳሽ ቢሆን በመጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ በጥቂቱ ይፈትኑት፤ ይልቁንም መኪናው በጋራዥ እንደገና የተቀባ ከሆነ ይህን ፈተና በፍጹም አይዝለሉ፤ አንዳንዱ ቀለም ለአልኮልና ለነጭ ጋዝ እንኳ ይሸነፋልና። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ወዲያው ያቁሙ።

ሬንጅ። ከጎማዎቹ ኋላና ከበሮቹ ሥር የሚገኝ፣ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ሲነኩት የሚለጠጥ ነጠብጣብ ነው። በመጽሐፍ የኖኅ መርከብ ውኃ እንዳያስገባ የተለቀለቀበት ቅጥራን የዚሁ ዘመድ ነው፤ ውኃን እንዲያግድ ከተመረጠ፣ ውኃና ሳሙና አለማሸነፋቸው ሊደንቀን አይገባም። እርሱን የሚፈታው ዘመዱ ቅባት ነው። ጓንት ያድርጉ፤ ጨርቅ በጥቂት ነጭ ጋዝ ነክረው በነጠብጣቡ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያኑሩት፤ ቡናማ ሆኖ መፍሰስ ሲጀምር በንጹሕ የጨርቅ ገጽ ወደ ላይ እየጠረጉ ያንሡት፣ ወዲያውም ቦታውን በሳሙና ይጠቡት። አራት እጥፍ ያደረጉት ጨርቅ ሲገላበጥ ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጥዎታልና ለእያንዳንዱ ነጠብጣብ አዲስ ገጽ ይጠቀሙ። በነጭ ጋዝ ፈንታ ቤንዚን አይጠቀሙ፤ ትነቱ በትንሽ እሳት ይያያዛል። ሲጋራና ከሰል ከአካባቢው ይራቁ፤ የፊት መብራቱ ፕላስቲክ ላይም ነጭ ጋዝ አያስነኩ፤ ይደፈርሳል።

በራሪ ነፍሳት። በማታ ቆላውን አቋርጦ የመጣ መኪና በፓራውልቱ፣ በፊት መስታወቱና በስፖኪዮው ላይ የትንኝና የፌንጣ ሬሳ ይጋገርበታል። ይህ በደረቁ ከተፈገፈገ ቅርፊቱ ይጭራል፤ ሳይነሣ ከሰነበተም ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ ሽፋኑን ይበላል። ጨርቅ በለብ ያለ የሳሙና ውኃ ነክረው ቦታውን ያልብሱትና አሥር ደቂቃ ይተዉት፤ ጨርቁ ሲነሣ አብዛኛው አብሮት ይነሣል። የቀረው ካለ ድጋሚ ያልብሱት እንጂ አይፈትጉ።

የወፍ ኩስ። ከሁሉ ፈጥኖ የሚጎዳው ይህ ነው፤ አሲድ ያለበት ሲሆን፣ በቀን ሙቀት የተለጠጠው ሽፋን ማታ ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር ኩሱን እንደ ማኅተም በላዩ ያትመዋል። ስለዚህ የጽዳቱን ቀን ሳይጠብቁ ባዩት ሰዓት፣ በመንገድ ላይ ቢሆኑም እንኳ፣ ከሚጠጡት ውኃ ጥቂቱን በሶፍት ላይ አፍስሰው ያርጥቡትና ሲለሰልስ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ያንሡት። ምልክቱ ከቀለሙ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን የቆሻሻነት ነገር አልፎ ጠባሳ ሆኗልና በፖሊሽ ካልሆነ አይስተካከልም።

የግራር ሙጫ። እንደ ማር ቢጫ፣ ሲደርቅም እንደ ብርጭቆ የሚጠነክር ነው። የግራር ሙጫ በውኃ የሚሟሟ ስለ ሆነ፣ ብዙዎች ወደ ቲነር የሚሮጡበት ይህ እድፍ በእውነቱ በሙቅ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ ደጋግሞ ሲለበስበት ይለቃል። ከጽድ ወይም ከሌላ ዛፍ የመጣ፣ በውኃ የማይለሰልስ ሙጫ ከሆነ ግን በአልኮል ይፈታል።

የፍሬን ዱቄት። በቸርኬው ላይ ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ በነጭ መኪና በር ላይም ብርቱካንማ ነጥብ ሆኖ የሚታየው፣ ከጣርማ በር እስከ ሮቢት ድረስ ሲታሽ የወረደው የፍሬን ብረት ነው። ቸርኬው በቀዘቀዘ ጊዜ በሳሙና ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ደጋግመው ያንሡት፤ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን የብረት ዱቄት ማሟሟያ ካገኙም በዕቃው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ልክ ያቆዩትና ሳይደርቅ ያለቅልቁት። ደግሞም ዱቄቱን ከምንጩ ማሳነስ ይቻላል፤ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ሰው ፍሬኑንም ቸርኬውንም በአንድነት ያድናል።

የውኃ ነጠብጣብ ምልክት። የሚያጥቡበት ውኃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ፣ በመኪናውም ላይ ሲደርቅ ክብ ነጭ ቀለበት ይተዋል። ነጭ አቼቶን ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅለው በጨርቅ ያስነኩት፤ ከሁለት ደቂቃ ሳይበልጥ በብዙ ውኃ ያለቅልቁት፣ ወዲያውም ያድርቁት።

የፕላስተር ሙጫ። በሰርግ ሰሞን ሪባንና አበባ በፕላስተር የተለጠፈበት መኪና፣ ሙሽሮቹ መልስ ከተጠሩ በኋላ እንኳ ጥቁር መስመሩ አይለቀውም። በጥቂት የምግብ ዘይት ቀብተው ሩብ ሰዓት ያቆዩት፤ ሲለሰልስም በጨርቅ ጠቅልለው ያንሡት፣ ቅባቱንም በሳሙና ይጠቡት።

5. የሰሙን ቅሪት ማንሣት

በቅኔ ሰሙ ሲበዛ ወርቁን እንደሚሰውር፣ በመኪናም ላይ የሰም ጥፋት ሁሉ የሚመጣው ከመብዛቱ ነው። ነጭ ሆኖ የሚቀረው ከሚገባው በላይ ተቀብቶ፣ ወይም በፀሐይ ተቀብቶ፣ ወይም ሊቀባ ከማይገባው ቦታ ደርሶ የደረቀው ሰም ነው። እንደ ደረሰበት ቦታ አነሣሡ ይለያያል።

ሀ. በቀለም ላይ ተጋግሮ ደመና የመሰለ። ከደረቀው ጋር በደረቅ ጨርቅ መታገል ድካምና ጭረት ብቻ ነው። ያንኑ ዓይነት ሰም ከዚያው ቆርቆሮ እጅግ በጥቂቱ በስፖንጅ በላዩ ይቀቡት፤ አዲሱ ሰም የያዘው ማሟሟያ አሮጌውን መልሶ ያለሰልሰዋልና ሳይደርቅ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ወዲያው ይወልውሉት። በአንድ ጊዜ ከሁለት መዳፍ ስፋት አይለፉ። ሰሙን ፈጽሞ ማውጣት ከፈለጉ ግን 70 በመቶ የሆነውን አልኮል ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅለው በጨርቅ ላይ እየረጩ ቦታውን ይጥረጉት፤ ይህን በጥላ ያድርጉት፣ በፀሐይ አልኮሉ ሥራውን ሳይሠራ ይተናልና።

ለ. በጥቁር ፕላስቲክ ላይ። ፓራውልት፣ የበር ጌጥና የስፖኪዮ ግርጌ ሸካራ ስለ ሆኑ ሰሙ በቀዳዳቸው ገብቶ እንደ ኖራ ይነጣል። ጨርቅ ከቀዳዳው አይደርስም። የጥርስ ብሩሹን በለብ ያለ የሳሙና ውኃ ነክረው በትንሹ በየአቅጣጫው ያሹት፤ አረፋው ነጭ ሆኖ ሲወጣ በጨርቅ ያንሡትና ይድገሙት። እምቢ ያለውን በተቀላቀለው አልኮል እንዲሁ ያድርጉት። በዘይት ወይም በጎማ ማጥቆሪያ ሸፍኖ መተው ብዙዎችን የሚያታልል አቋራጭ ነው፤ ለጊዜው ይጠቁራል፣ ዘይቱ ሲደርቅ ግን ነጩ አቧራ ጨምሮ ይመለሳል።

ሐ. በፊት መስታወት ላይ። የሰም ጭላጭ በቀን ባይታይም፣ በማታ ከፊት በሚመጣ መብራትና በጣርማ በር ጉም ውስጥ መስታወቱን እንደ ወተት ያነጣዋል፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ለውበት ሳይሆን ለሕይወት ሲሉ ያጽዱት። በተቀላቀለው አልኮል መስታወቱን በሁለት ጨርቅ፣ በአንዱ እያረጠቡ በሌላው እያደረቁ፣ ይጥረጉ፤ የዝናብ መጥረጊያውን ጎማም በዚሁ ጨርቅ ቆንጥጠው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሳቡት፤ ሰሙ ከእርሱ ላይ ካለ መስታወቱን መልሶ ይቀባዋል።

መ. የጧፍና የሻማ ሰም። በበዓለ ንግሥ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን አጸድ አጠገብ የቆመ መኪና ላይ፣ ምእመናን ጧፋቸውን ይዘው ሲያልፉ ሰም ይንጠባጠብበታል። ይህን በቀን ሙቀት ቢነኩት ይለቀለቃል፤ ስለዚህ ጠንክሮ ሳለ በማለዳ፣ ወይም በረዶ በፌስታል አድርገው ካቀዘቀዙት በኋላ፣ በጥፍርዎ ወይም በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ከሥሩ ቀስ ብለው ይፈንቅሉት። ስስ ሆኖ የቀረውን በሙቅ ውኃ ነክረው በጨመቁት ጨርቅ ሲያሞቁት ይቀልጣል፤ ያን ጊዜ በሶፍት ያስጠጡት። ቢላዋ አይጠቀሙ፤ የሚፈላ ውኃም አያፍስሱበት።

6. በጣት መመርመር

ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። መዳፍዎን በስስ ፌስታል ውስጥ ያስገቡና በታጠበው ላሜራ ላይ ሳይጫኑ ያሳልፉት፤ ፌስታሉ የእጅዎን ልስላሴ አስወግዶ የእያንዳንዷን ቅንጣት ሸካራነት ያሰማዎታል። እንደ ጥሩ ብርጭቆ የሚንሸራተት ከሆነ ወደሚቀጥለው ይለፉ። እንደ አሸዋ የሚኮሰኩስ ከሆነ በሽፋኑ ላይ የተሰካ የብረትና የሬንጅ ትቢያ አለና፣ በመኪና ዕቃ መሸጫዎች ክሌይ ባር የሚባለውን፣ እንደ ልጆች መጫወቻ ጭቃ የሚለነቀጠውን ማጽጃ ይጠቀሙ።

ቦታውን በሳሙና ውኃ በደንብ ያርጥቡት፤ ጭቃውን እንደ ትንሽ ሙልሙል ጠፍጥፈው ያለ ግፊት ወዲያና ወዲህ ያንሸራትቱት። መጀመሪያ ይኮሰኩሳል፣ ኋላም ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ሲል ቦታው ነጽቷል። የጠቆረውን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፈው አዲስ ገጽ ያውጡ። መሬት ከወደቀ ግን ዋጋው ሳያሳሳዎ ይጣሉት፤ የያዘውን ጠጠር መልሶ አይለቅም።

7. አዲሱን ሰም መቀባት

በገበያችን ሁሉም «ፖሊሽ» ተብሎ ስለሚጠራ ሲገዙ ይጠንቀቁ፤ ፖሊሽ በውስጡ ባለው ደቃቅ ማሻሻ ከሽፋኑ ጥቂት እየሞረደ ጭረትን ያጠፋል፣ ሰም ግን ምንም ሳያነሣ ያለብሳል። ፖሊሽን በየወሩ የሚያዘወትር ሰው መኪናው እያማረ ሽፋኑን ይጨርሳል። ዛሬ የሚያስፈልግዎ ሰሙ ነው።

በንጹሕና ደረቅ ላሜራ ላይ፣ በጥላ፣ በስፖንጅ ጫፍ ጥቂት ወስደው ዓይን እስኪያጠራጥር ድረስ ስስ አድርገው ይቀቡት። በቆላ ሙቀት ፈጥኖ ስለሚደርቅ መላውን መኪና ቀብተው ወደ መጀመሪያው አይመለሱ፤ አንድ በር ወይም የኮፈኑን እኩሌታ ቀብተው፣ ጣትዎን ሲያሳልፉበት ዱካው ንጹሕ ሆኖ ሲታይ ያን ክፍል ወልውለው ይጨርሱ። ጥቁሩ ፕላስቲክ ጠርዝ ላይ አስቀድመው የወረቀት ፕላስተር ቢለጥፉ፣ ከላይ በ5ኛው ተራ በ«ለ» ያዩትን ድካም በሙሉ ያስቀሩታል።

8. የመጨረሻው ፍተሻ

ሥራዎ ማለቁን የሚመሰክርልዎ ሌላ ሰው ሳይሆን ውኃ ነው። ሰም ባለበት ቦታ ውኃ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሆኖ ይሰበሰባል፤ ሰም ባልደረሰበት ቦታ ግን ተንጣሎ ይተኛል። ለዚህ ፍተሻ አንድ ጆግ ውኃ ይበቃል፤ ይሁን እንጂ ነገ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለሱ ከሆነ፣ ያን ውኃ እንኳ ይቆጥቡት። ዳገቱን ጨርሰው ከዋሻው አፍ ሲደርሱ ለአፍታ ወርደው ይመልከቱ፤ ጉሙ በኮፈኑ ላይ ጠብታውን በአንድ እጅ ልክ እንደ ተዘራ ጤፍ አስተካክሎ ካሰፈረው ሥራዎ ሠምሯል፤ ጠብታው ጠፍጣፋ ሆኖ የተኛበት ቦታ ካገኙም የዘነጉት ያ ነውና ልብ ብለው ይያዙት፣ በሚቀጥለው ነግህም ያን ብቻ ይቀቡታል።

የሹራብዎን እጅጌ ግን ከኪስዎ አያውጡት።